ሐራራና ምርቃና፦ የጭሮ ጫት በሱስ ሳይንስ ዓይን

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። እርሷም ሆነች በዙሪያዋ ያሉት ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሚኤሶ ኑሯቸው ከጫት ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ቅጠሉ ለገበሬው የማሳ ምርት፣ ለቸርቻሪዋ የዕለት እንጀራ፣ ለሽማግሌው የዱዓና የእርቅ አጋር፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ሊተወው እየፈለገ ያቃተው ልማድ ነው። በዚህ በመጨረሻው ሰው ላይ የሚታየው ነገር የሱስ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ የኖረ ነው፤ ጫቱ እንደ ቀድሞው እንደማያረካው፣ ገንዘቡንና እንቅልፉን እንደሚወስድበት ራሱ ይመሰክራል፣ ነገር ግን ምሳ ተበልቶ የመቃሚያው ሰዓት ሲቃረብ ሐራራው ይነሣበታል፣ እግሩም ወደ ጫት ተራ ያመራል። ደስታው ከቀነሰ ፍላጎቱ ስለምን አብሮ አይቀንስም?

ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ ካቀረቡት መካከል በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሮች የሆኑት ቴሪ ሮቢንሰንና ኬንት ቤሪጅ ይገኙበታል። ሁለቱ ምሁራን በ1993 ባሳተሙት ንድፈ ሐሳብ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድን ነገር መሻትና በዚያው ነገር መደሰት በአንጎል ውስጥ የሚካሄዱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑ፣ ሱስም ደስታው ሳይጨምር መሻቱ ብቻውን እየበረታ የሚሄድበት ሁኔታ እንደሆነ አስረድተዋል። ንድፈ ሐሳቡ የተጠነሰሰው እንደ አምፌታሚንና ኮኬይን ባሉ አነቃቂ ዕፆች ላይ ከተደረገ ምርምር ቢሆንም፣ ዋነኛው ንጥረ ነገሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ጫትን ለመረዳትም ይጠቅማል።

ቅጠሉ በውስጡ የያዘው

ጫት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ በዚያ ጫት እንደሚተክል መዛቱን ይጠቅሳል። ተክሉን በዘመናዊው ሳይንስ ስም ሰጥቶ የመዘገበው በ1763 የመን ውስጥ በጉዞ ላይ ሳለ የሞተው የዕፅዋት ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል ሲሆን፣ ሥራው ለኅትመት የበቃው ከሞተ በኋላ በ1775 ነው። ይሁንና ቃሚውን የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዘመን ወስዷል። በ1930 ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ቢለይም ኃይሉ ደካማ በመሆኑ የምርቃናውን ምሥጢር ሙሉ በሙሉ ሊያስረዳ አልቻለም፤ ምሥጢሩ የተፈታው በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ከለጋ ቅጠል ውስጥ ካቲኖንን ለይቶ ሲያወጣ ነው።

ካቲኖን ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑ ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ እየጠወለገና እየደረቀ ሲሄድ በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ካቲኖኑን በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ኃይላቸው ወዳነሰው ካቲንና ኖርኤፈድሪን ይለውጡታል፤ የቀደሙት ተመራማሪዎች ወደ አውሮፓ ያስመጡትን ደረቅ ቅጠል ሲመረምሩ ዋናው ነገር አምልጧቸው ነበር። በስዊዘርላንድ በ1980ዎቹ የተደረገ ትንተና እንደሚያሳየው 100 ግራም ለጋ ጫት በአማካይ 36 ሚሊ ግራም ካቲኖንና 120 ሚሊ ግራም ካቲን ይዟል። የገለምሶና የሂርና ጫት በማለዳ ተቀንጥሶ፣ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በአይሱዙ መኪና ለእሳት አደጋ እንደሚሮጥ እየተጣደፈ የሚጓዘው፣ ያደረ ጫትም ዋጋው የሚወድቀው በዚህ ኬሚስትሪ የተነሣ ነው፤ ነጋዴውና ቃሚው ስለ ኢንዛይም ሳይሰሙ ሳይንሱ ዘግይቶ የደረሰበትን እውነት በልምድ ያውቁት ነበር።

የአንድ በርጫ ሰዓታት

ካቲኖን በሰውነት ውስጥ የሚሄድበት መንገድ የበርጫውን ሥርዓት ከሰዓት ሰዓት ይከተላል። ቃሚው ለጋውን እየመረጠ፣ እያላመጠ፣ በአንድ ጉንጩ ያጠራቅማል፤ ምሬቱን በስኳር፣ በኦቾሎኒ ወይም በለስላሳ መጠጥ ያስታግሣል፤ ጭማቂውን ይውጣል፤ የማይፈለገውን ገራባ ይጥላል። አብዛኛው ካቲኖን ወደ ደም የሚገባው ከሆድ ሳይሆን ከአፍ ውስጥ ስስ ሽፋን በመሆኑና ቅጠሉም በዝግታ የሚታኘክ በመሆኑ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የተጀመረ በርጫ ወደ 10 ሰዓት ግድም ጨዋታው የሚደምቀው፣ ሐሳቡ የሚፈጥነው፣ በምርቃናው ውስጥ ፎቅ የሚሠራውና ንግድ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። በደም ውስጥ ያለው ካቲኖን በአማካይ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ምሽት ላይ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፣ ቃሚውም ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ይከፋዋል። ካቲን ግን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል የሚፈጅበት በመሆኑ የልብ ምቱና ንቃቱ እስከ ሌሊት ይዘልቃል፤ ደስታው ሄዶ እንቅልፍ ሳይመጣ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በርካቶች ጨብሲ ወደሚሉት የአልኮል መጠጥ ይዞራሉ፤ ልማዱም አንዱን ሱስ በሌላው ላይ ይደርባል። በማግሥቱ ደግሞ ድካሙና ድብርቱ ስለሚጫን፣ አንዳንዱ የሐረርጌ ገበሬ ማልዶ ኢጀባና በሚባለው የጠዋት ቅሚያ ዓይኑን ይገልጣል።

በሁለት የነርቭ ሴሎች መካከል

ምርቃናው የሚፈጠርበት ዋነኛ ቦታ በመሃል አንጎል ያሉ የነርቭ ሴሎች ረጃጅም ጭራዎቻቸውን ዘርግተው ከኒውክሊየስ አኩምበንስ ጋር የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ኒውክሊየስ አኩምበንስ የሚባለው ከአንጎል ሥር በኩል የሚገኝ፣ አንድ ሰው ወደሚጠቅመው ነገር እንዲንቀሳቀስ የሚያነሣሣ ትንሽ ክፍል ነው። ሴሎቹ በዚህ መስመር መልእክት የሚለዋወጡት ዶፓሚን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዶፓሚን በነርቩ ጫፍ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተከማችቶ ይቆይና መልእክት ሲመጣ በሁለቱ ሴሎች መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ይለቀቃል፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላም አጓጓዥ የተባለ ፕሮቲን ወደመጣበት ሴል መልሶ ያስገባዋል።

ካቲኖን ቅርጹ ከዶፓሚን ጋር ስለሚመሳሰል በዚያው አጓጓዥ በኩል ወደ ነርቩ ጫፍ ሰርጎ ይገባል፤ ከገባ በኋላም በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ዶፓሚን እንዲወጣና አጓጓዡ አቅጣጫውን ቀይሮ ዶፓሚኑን ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያደርጋል። በጄኔቫ ይሠራ የነበረው የመድኃኒት ተመራማሪ ፒተር ካሊክስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጥንቸል አንጎል በተወሰደ ኅብረ ሕዋስ ላይ ይህንን አሳይቷል፤ በጨረር ምልክት የተደረገበት ዶፓሚን የተሞላው ኅብረ ሕዋስ ካቲኖን ሲነካው ልክ አምፌታሚን እንደነካው ሁሉ ዶፓሚኑን ለቅቋል። በመሆኑም በጫትና በአምፌታሚን መካከል ያለው ልዩነት የአሠራር ሳይሆን የመጠንና የፍጥነት ነው። ፍጥነት ደግሞ በሱስ ሳይንስ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ዕፅ ወደ አንጎል በፈጠነ ቁጥር ሱስ የማስያዝ ኃይሉ ይበረታል። በጢስ ወይም በመርፌ የሚወሰድ ዕፅ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ሲደርስ፣ ጫት በሰዓታት መታኘኩ የብዙ ቃሚዎችን ልማድ በመካከለኛ ደረጃ እንዲቆይ ረድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ቅጠሉን በዓለም አቀፍ የዕፅ ቁጥጥር ሥር ለማስገባት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘም፤ ካቲኖን ለብቻው ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ቁጥጥር ስምምነት እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ተርታ ተመድቧል።

መሻት ከመደሰት ሲለይ

ዶፓሚን ለረጅም ጊዜ የደስታ ንጥረ ነገር ተደርጎ ይታሰብ ነበር። የዚህ አመለካከት መነሻ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በ1954 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት ሙከራ ሲሆን፣ በአንጎላቸው ውስጥ ቀጭን ሽቦ የተተከለላቸው አይጦች ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ለማግኘት ማንሻውን ያለማቋረጥ ሲጫኑ በመታየታቸው ሳይንቲስቶቹ የደስታን ማዕከል ያገኙ መስሏቸው ነበር። ኬንት ቤሪጅ ግን ጉዳዩን በሌላ መንገድ መረመረው። አይጦች ጣፋጭ ነገር ሲቀምሱ እንደ ሕፃናት ከንፈራቸውን ይልሳሉ፤ ቤሪጅና ባልደረቦቹ የአይጦቹን ዶፓሚን ከሞላ ጎደል ሲያጠፉት እንስሳቱ ምግብ ፍለጋ መነሣትን እርግፍ አድርገው ቢተዉም፣ ስኳር በአፋቸው ሲደረግላቸው እንደ ቀድሞው ከንፈራቸውን ላሱ። ጣዕሙን መውደዳቸው ስላልተነካ፣ ከዶፓሚኑ ጋር የጠፋው ለዚያ ነገር የሚያንቀሳቅሳቸው መሻት ብቻ መሆኑ ታወቀ።

የንድፈ ሐሳቡ ሁለተኛ ምሰሶ የሮቢንሰን ምርምር ነው። ዕፁ በተደጋጋሚ ሲወሰድ የመሻቱ መስመር ከመደንዘዝ ይልቅ ይበልጥ ንቁ እየሆነ ይሄዳል፤ ይህም ዕፁ ከቆመ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ባንጃውና ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት የጫት ጭማቂ በተደጋጋሚና በየጊዜው በአፋቸው የተሰጣቸው አይጦች ለዕፁ የሚያሳዩት የእንቅስቃሴ ምላሽ እየጨመረ መሄዱን በማሳየታቸው፣ ይህ መንቃት በጫትም እንደሚፈጠር ታውቋል። የዕፁ ደስታ ግን እንዲህ አይጨምርም፤ ሰውነት ይለማመደዋል። በአንድ ሰው ውስጥ መሻት ሽቅብ፣ ደስታ ቁልቁል ሲጓዙ የሚፈጠረው ርቀት ነው እንግዲህ ቃሚው “ሳልወደው እቅማለሁ” እንዲል የሚያደርገው፤ አነጋገሩ ሰበብ ቢመስልም የአንጎሉን ሁኔታ በትክክል ይገልጻል።

ሰዓቱ፣ ቦታውና ባልንጀራው

የመሻቱ መስመር ራሱን ከዕፁ ጋር ብቻ አያስርም። የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ በ1990ዎቹ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ምርምር የዶፓሚን ሴሎች መጀመሪያ ላይ ለጣፋጩ ጭማቂ፣ ውሎ አድሮ ግን ጭማቂው እንደሚመጣ ለሚያበስረው ምልክት ምላሽ መስጠት እንደሚጀምሩ አሳይቷል። በጭሮ ይህ ምልክት ብዙ መልክ አለው፤ የምሳ መጠናቀቅ፣ የሻጮች ጥሪ፣ የሚጨስ ዕጣን፣ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚደውል ባልንጀራ። እያንዳንዱ ከዓመታት መደጋገም የተነሣ የመቃም ጊዜ መድረሱን ለአንጎል የሚያበስር ሆኗል፤ ሐራራም ቅጠሉ አፍ ሳይገባ በእነርሱ ብቻ ይቀሰቀሳል።

የምዕራብ ሐረርጌ ቃሚ ከሌላው የሚለይበት ትልቁ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ጉዛ በሚባለው የደቦ ሥራ የሚታረስ ማሳ ባለቤት ለሠራተኞቹ ምግብ እንደሚያቀርብ ሁሉ ጫትም ያቀርባል፤ ሠርግና ለቅሶ፣ ዱዓና እርቅ ያለ ጫት የማይሞላባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከጫት መራቅ የሚፈልግ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮው ውስጥ ምልክት የሌለበት ጥግ ማግኘት ይቸግረዋል። አካባቢው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሚያስረዳው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሊ ሮቢንስ ጥናት ነው፤ በቬትናም ጦርነት ላይ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም ሱሰኛ የሆኑት 5 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወታደሩ ሱሱን ያበቀለውን ቦታ፣ ሰዓትና ጓደኛ ጥሎ ሄዷል፤ ሱስ ያለበት የጭሮ ነዋሪ ግን ምልክቶቹ ባሉበት አገር ውስጥ ነው ለመተው የሚታገለው።

ቃሚ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚቅም ሰው በሙሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ መዝግቧል። የሥነ አእምሮ ተመራማሪው አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተጠያቂዎች ግማሾቹ በጊዜው ጫት የሚቅሙ ቢሆኑም፣ ከእነዚህ ቃሚዎች በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከቃሚዎቹ ብዙዎቹም የሚቅሙት ለጸሎት ትኩረት ለማግኘት እንደሆነ ተናግረዋል። ልዩነቱን ለማወቅ ተመራማሪዎች አምስት ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ ይጠቀማሉ፤ መቃሙ ከቁጥጥር ውጭ ሆኗል ወይ፣ ጫቱ ሲቀር ጭንቀት ይፈጠራል ወይ፣ ስለ ልማዱ ሐሳብ ይገባል ወይ፣ ለመተው ምኞት አለ ወይ፣ መተውስ ምን ያህል ይከብዳል? ጥያቄዎቹ የሚመዝኑት የጫቱን ብዛት ሳይሆን ሰውየውና መሻቱ ማን ማንን እንደሚያዝ ነው።

ጉዳቱ የሚከፋውም በቃሚዎች ሁሉ ላይ ሳይሆን በተወሰኑት ላይ ነው። በጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነው ሚካኤል ኦደንዋልድ ከባልደረቦቹ ጋር በሐርጌሳ ከ4 ሺህ 800 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት በ2005 አሳትሟል፤ ከዚያም የተገኘው ከባድ የአእምሮ ሕመም የገጠማቸው ሰዎች ከሌሎቹ ቀድመው በለጋ ዕድሜ መቃም የጀመሩና አብዝተው የሚቅሙ የነበሩ መሆናቸው ነው። ለምዕራብ ሐረርጌ ወላጆችና መምህራን ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የአንጎል የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ማመዛዘንና ራስን መግታት የሚከናወንበት ክፍል፣ ሙሉ እድገቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ቅሚያ በዘገየ ቁጥር አደጋው ይቀንሳል።

ከሰዓት በኋላን መለወጥ

መድኃኒት ለዚህ ገና ብዙ አልረዳም፤ በተለይ ለጫት ሱስ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የንግግር ሕክምና ግን ተስፋ ሰጪ ነው፤ በናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር በሚኖሩ የሶማሊያ ተወላጅ ቃሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቃሚው ስለ ራሱ ልማድ የተመዘነ መረጃ ተሰጥቶት ምክንያቱን ራሱ እንዲያስብበት የሚረዳ አጭር የምክር ንግግር የሚቃመውን ጫት ሊቀንስ ችሏል።

ሌላው መንገድ ከመሻቱ ጋር የሚፎካከር ነገር ማስገባት ነው። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የሆነው ካርል ሃርት የኮኬይን ተጠቃሚዎችን በቤተ ሙከራ ውስጥ በዕፁና በገንዘብ መካከል እንዲመርጡ ባደረገባቸው ሙከራዎች፣ የገንዘቡ መጠን ከፍ ሲል ብዙዎቹ ዕፁን ትተው ገንዘቡን መርጠዋል። ይህ ሱስ ተራ የፈቃድ ጉዳይ ነው ማለት አይደለም፤ መሻት የበረታበት አንጎልም ቢሆን ሌላ ዋጋ ያለው ነገር ሲቀርብለት ያመዛዝናል ማለት ነው። የጭሮና የአካባቢዋ ወጣት ከምሳ በኋላ የሚሄድበት የሥራ ቦታ፣ የሚሠለጥንበት ተቋም ወይም የሚጫወትበት ሜዳ ካላገኘ ግን ከበርጫው ጋር የሚፎካከር ነገር አይኖረውም። በከተማዋ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ማሰቡ የትምህርት ሥራው አካል ነው።

ጫት በምዕራብ ሐረርጌ በሕግ ብቻ የሚወገድ ነገር አይደለም። እንግሊዝ በ2014 ከልክላዋለች፤ ለጭሮ አካባቢ ገበሬ ግን ጫት የቡና ዋጋ ሲወድቅና በሽታ ሲያጠቃው የተተካ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቀነጠስ፣ ለአገሪቱም ከጅቡቲና ከሶማሊያ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያስገባ ሰብል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን መደባለቅ የለባቸውም፤ ገበሬው የሚተዳደርበት ማሳና ሱሰኛው የሚታገልበት አንጎል የተለያየ መፍትሔ ይሻሉ። የሁለተኛውን መፍትሔ ለሚፈልግ ሰው የሮቢንሰንና የቤሪጅ ሳይንስ የሚሰጠው ምክር ተግባራዊ ነው፤ ለመተው የወሰነ ሰው ከቅጠሉ አስቀድሞ የመቃሚያውን ሰዓት፣ ቤትና ባልንጀራ በሌላ ይተካ፤ ወራት ቆይቶ ሐራራው ቢነሣበት ከሃይማኖቱ ወይም ከወኔው ድክመት አይቁጠረው፤ ቤተሰቡም ዳግም ቃመ ብሎ ከመገሠጹ በፊት በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውየው የት እንደነበረና ከማን ጋር እንደነበረ ይጠይቅ።